ቺታ ማለት ቀልብ ነው ወይ ብዬ አባዬን ጠየቅኩት

ደብተሬ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍበት ስሰርዝበት የቆየሁት አንድ ገጽ አለ። ከላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዮጋህ ቺታ ቭሪቲ ኒሮዳሃ» ይላል፣ ከስሩ አማርኛው፣ እሱ ተሰርዞ ሌላ አማርኛ፣ እሱም ተሰርዞ ሌላ። አራት ቃል ናት በቃ። የጥንቱ የህንድ ፈላስፋ የፓታንጃሊ «ዮጋ ሱትራ» የሚባለው መጽሐፍ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ነች፣ ዮጋ ምን እንደሆነ የምትናገረውም እሷ ነች። መጽሐፉ በሙሉ እንደ እትሙ 195 ወይም 196 አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው ያለው፣ እና እኔ እስካሁን በደንብ የተቀመጥኩት እቺ አንዷ ላይ ነው።

ወደዚህ ያመጣኝ ወገቤ ነው። እናቴ ታማ ሆስፒታል ስመላለስ፣ ወንበር ላይ ሳድር፣ ካረፈች በኋላ ደግሞ ለቅሶ ቤት ምድር ላይ ስቀመጥ በቃ ወገቤ ተያዘ። ከወገቤ የባሰው ግን ሌሊቱ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ድንገት እነቃለሁ ከዛ እስኪነጋ ያው አንድ ነገር ነው፣ ያን ቀን ቶሎ ብወስዳት ኖሮ፣ ሌላ ሐኪም ባሳያት ኖሮ፣ የመጨረሻዋ ማታ ውሃ ስትለኝ «ቆይ እማ» ያልኳት ነገር። ሀሳቡ አይጨምርም አይቀንስም፣ ይዞራል። ሰው «ሀሳብ ገባኝ» ይላል፣ እኔ ግን ሀሳቡ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ የሚመስለኝ፣ መውጫው የጠፋብኝ።

ፊዚዮቴራፒ የምታሰራኝ ልጅ ናት ዮጋ ሞክሪ ያለችኝ። ሄድኩ፣ ወገቤም ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፣ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። አሰልጣኛችን በየክላሱ መጨረሻ «ዮጋ ማለት አንድነት ነው፣ ከሁሉም ነገር ጋር አንድ መሆን» ትለን ነበር፣ ቆንጆ አባባል ነው፣ እኔም ቤት ሄጄ መጽሐፉን ፈልጌ በስልኬ አወረድኩት። የጠበቅኩት እግር የት እንደሚደረግ እጅ የት እንደሚደረግ የሚል ነገር ነበር። ስለ አቀማመጥ የሚያወሩት ግን ሶስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናቸው! ከነሱ የመጀመሪያዋ «ስቲራ ሱካም አሳናም» ትላለች፣ አቀማመጥ የጸናና የተመቸ ይሁን ማለት ነው፣ አለቀ። ዛሬ ክላስ ውስጥ የምንሰራው አብዛኛው ነገር ከዛ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው፣ ሀታ ዮጋ የሚባለው ዘርፍ በመካከለኛው ዘመን አደገ፣ ታዋቂው «ሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ» የ15ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ነው እሱም ራሱ 15 አቀማመጥ ብቻ ነው የሚያስተምረው፣ ከዛ በ1930ዎቹ ህንድ ማይሶር ቤተ መንግሥት ውስጥ ያስተምር የነበረው ክሪሽናማቻርያና ተማሪዎቹ ናቸው ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን መልክ የሰጡት። ፓታንጃሊ ግን ሌላ ሰው ነው፣ ጥያቄውም ሌላ ነው። መጽሐፉን ብዙ ተመራማሪዎች 400 ዓ.ም. አካባቢ ያደርጉታል፣ እኛ ጋ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ ብዙም ያልራቀ ጊዜ ማለት ነው።

ህንዶች የጥንቱን የፍልስፍና ትምህርት ቤቶቻቸውን ዳርሻና ይሏቸዋል፣ «ማየት» ከሚለው ግስ የወጣ ቃል ነው። እኛም «አመለካከት» ስንል ከመመልከት አይደል፣ ያው ነው። ቬዳ የሚባሉትን ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚቀበሉት ስድስት ናቸው፣ ኒያያ፣ ቫይሼሺካ፣ ሳንኪያ፣ ዮጋ፣ ሚማምሳ፣ ቬዳንታ። ዮጋ ከስድስቱ አንዱ ነው፣ ማለትም ከሌሎቹ ጋር የሚከራከር፣ ማስረጃ የሚያቀርብ፣ ስህተትና እውቀት እንዴት እንደሚለዩ የሚጠይቅ ፍልስፍና ነው። ይሄን ሳነብ ለብዙ ቀን ገረመኝ። ጂም ውስጥ ከትሬድሚሉ አጠገብ ተነጥፎ ያየሁት ነገር ከሎጂክ ጋር በአንድ ረድፍ የሚቆጠር ትምህርት ነው ለካ።

ዮጋ ብዙ ሀሳቡን የሚጋራው ከሳንኪያ ጋር ነው፣ ሁለቱ እንደ መንትያ ነው የሚጠቀሱት። ሳንኪያ ያለውን ነገር ሁሉ በ25 መሠረት ይቆጥረዋል፣ 24ቱ በአንድ ወገን አንዱ ለብቻው። ለብቻው የቆመው ፑሩሻ ይባላል፣ የሚያይ፣ የማይሰራ፣ የማይለወጥ፣ ዝም ብሎ የሚያውቅ። ሌላው ሁሉ ፕራክሪቲ ነው፣ ተፈጥሮ እንበለው። እና እኔን ያስደነገጠኝ ነገር እዚህ ጋ ነው። እኛ ሥጋና ነፍስ ብለን ስንለይ ሀሳብን ከነፍስ ጋ ነው የምናስቀምጠው አይደል? እነሱ ግን መስመሩን ሌላ ቦታ ነው ያሰመሩት። ሀሳብም፣ ትዝታም፣ ማመዛዘንም፣ «እኔ» የሚለው ስሜት ራሱ ሳይቀር ከፕራክሪቲ ወገን ነው። ከድንጋይና ከውሃ ጋር በአንድ ወገን፣ ከነሱ የረቀቀ ነው እንጂ ዘሩ አንድ ነው። በዚያኛው ወገን የቀረው የሚያየው ብቻ ነው። ስለዚህ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚዞረው ነገር እኔ አይደለሁም፣ እኔ የሚታየኝ ነገር ነው።

ይሄን አንብቤ ስልኩን አስቀምጬ ለረጅም ሰዓት ኮርኒስ ሳይ አደርኩ። አላመንኩትም፣ ግን ማንም እንደዛ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

መተርጎም የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው፣ በእንግሊዝኛ ሳነበው የሌላ ሰው ነገር እየሆነብኝ። አባዬ በልጅነቱ ጎጃም ድቁና የተማረ ሰው ነው፣ ግዕዝ ያውቃል፣ ከዛ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቶ በጃንሆይ ጊዜ ሒሳብ ያስተማረው ህንዳዊ ነበር፣ የሱ ዘመን ተማሪ መቼም የህንድ መምህር ያላስተማረው የለም። እናቴ ከሄደች በኋላ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሱ ጋ ነው የምውለው። አንድ እሁድ ቺታ ለሚለው ቃል አማርኛ ፍለጋ ደብተሬን አውጥቼ «አባዬ፣ የሰው ውስጡ፣ የሚያስበውም የሚያስታውሰውም የሚሰማውም በአንድ ላይ፣ በአማርኛ ምን ይባላል?» አልኩት።

«ልብ ነዋ» አለኝ ቀና እንኳን ሳይል።

«ልብ ዛሬ ፍቅር ሆኗል እኮ»

«እናንተ ናችሁ ፍቅር ያደረጋችሁት። ልብ በል ይባል የለም? ልብ ግዛ ይባል የለም?» ትንሽ አሰበና «ልቡና በይው እንግዲያው» አለኝ።

ልቡና ብዬ ጻፍኩ። ግን ልቡና ከፍ ያለ ቃል ነው፣ የጠራ ነገር ይመስላል፣ ቺታ ደግሞ የተረበሸውንም የደነዘዘውንም ይይዛል። አእምሮ አልኩ፣ አእምሮ ዛሬ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ሥጋ ሆኖብናል። ህሊና አልኩ፣ ህሊና ዛሬ የሚወቅሰን ነገር ብቻ ነው። ከሶስት ሳምንት በኋላ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ የረሳሁትን መልስ ሲሰጠኝ «እናት፣ ቀልብሽን ሰብስቢ» አለኝ፣ እዛው ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። ቀልብ! ቀልብ ይበተናል፣ ቀልብ ይሰበሰባል፣ ሰው ቀልቡን ይስታል። እና ሳስበው አማርኛው ራሱ መለየቱን ጀምሮታል፣ ምክንያቱም «ቀልቤን ሳትኩ» የሚለው ማነው? ቀልቡ ከጠፋ፣ መጥፋቱን ያወቀው ማነው? ፓታንጃሊ በሶስተኛዋና በአራተኛዋ ዓረፍተ ነገር የሚለው እኮ እሱን ነው፣ ቀልብ ሲረጋ የሚያየው በራሱ መልክ ይቀመጣል፣ ሳይረጋ ሲቀር ግን የሚያየው የሚዞረውን ነገር መልክ ይመስላል። ሌላ ቦታ እንደ ጥሩ ክሪስታል ነው ይላል ቀልብን፣ አጠገቡ ያለውን ነገር ቀለም የሚይዝ።

ቭሪቲ የሚለው ቃል ከመዞር፣ ከመሽከርከር የመጣ ነው፣ እኔ መጀመሪያ «ማብሰልሰል» ብዬ ነበር የተረጎምኩት ምክንያቱም የኔ ችግር እሱ ነበር። በኋላ ግን ሰረዝኩት። ፓታንጃሊ ቭሪቲዎች አምስት ናቸው ብሎ ይዘረዝራል፣ ትክክለኛ እውቀት፣ ስህተት፣ ቃል ብቻ ያለው ነገር የሌለው ምናብ፣ እንቅልፍ፣ ትዝታ። ትክክለኛ እውቀት ራሱ ከሚረጉት ውስጥ ነው! እንቅልፍም! እንቅልፍ አጥቼ ለምሰቃይ ሰው እንቅልፍ ራሱ የቀልብ መዞር ነው መባሉ መጀመሪያ አናዶኛል። ቪያሳ የሚባለው መጽሐፉን ያብራራ ጥንታዊ ሊቅ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሰው ሲነቃ «ደህና ተኛሁ» ወይም «ክፉ እንቅልፍ ነበር» ይላል፣ ምንም ካልነበረ ይሄን ከየት አስታወሰው ይላል። አንድ መስመር ናት ክርክሯ ግን ሳስባት ሳስባት መልስ አጣሁላት። እኔ እንቅልፍን እፎይታ አድርጌ ነበር የማየው፣ እሱ ግን የፈለገው መደንዘዝን አይደለም፣ ነቅቶ መርጋትን ነው።

ኒሮዳ ላይ ነው ብዙ የቆየሁት። መዝገበ ቃላቱ መግታት፣ ማገድ ይላል። እና እኔ «መግታት» ብዬ ጽፌ እንደዛው ለማድረግ ሞከርኩ፣ ሌሊት ስነቃ ሀሳቡን በጉልበት ለማቆም፣ ጥርሴን ነክሼ። ባሰብኝ። ሀሳቡን እየገታሁ ነው የሚል ሌላ ሀሳብ ተጨመረልኝ፣ ደክሞኝ ነጋ። መጽሐፉ እንዴት እንደሚደረግ የሚናገረውን ዘልዬ ነበር ለካ፣ በሁለት ነገር ነው ይላል፣ አቢያሳና ቫይራጊያ፣ ደጋግሞ መለማመድና መተው። ቪያሳ እዚህ ጋ የሰጠው ምሳሌ ነው አጥንቴ ድረስ የገባው፣ ቀልብ በሁለት ወገን የሚፈስ ወንዝ ነው ይላል፣ አንደኛው ወደ ደህናው ሌላኛው ወደ ክፉው፣ በመተው አንዱን ይዘጉታል በልምምድ ሌላውን ይከፍቱታል።

ይሄንን እኔ በአይኔ አይቼዋለሁ። ልጅ ሆኜ ክረምት አያቴ ጋ ስንሄድ አይደለም፣ በበጋው በገና ሰሞን ነው፣ አያቴ የመስኖ ተራው ሲደርስ ማታ ፋኖስ ይዞ ይወጣ ነበር እኔም እከተለዋለሁ። ውሃውን ማንም አያቆመውም። በአካፋ አፈርና ሳር ይቆርጥና ያንዱን ቦይ አፍ ይዘጋዋል፣ የሌላውን ይከፍታል፣ ውሃው ራሱ ትንሽ ያመነታና ይዞራል። ከዛ ይጠብቃል። አፈሩ ይሸረሸራል ተመልሶ ይደፍነዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ። ፓታንጃሊ ልምምዱ የሚጸናው ለረጅም ጊዜ፣ ሳይቋረጥ፣ በክብር ሲደረግ ነው ሲል አያቴ ፋኖሱን አጠገቡ አስቀምጦ ቁጢጥ ብሎ ነው የሚታየኝ። ደብተሬ ላይ «መግታት» የሚለውን ሰርዤ «ማርጋት» ብዬ ጻፍኩ፣ እሱንም ስጽፍ ሙሉ በሙሉ ደስ አላለኝም።

አሁን ስለ እናቴ የምለው ነገር አለ፣ እስካሁን ለማንም በዚህ መልክ አልተናገርኩትም። እናቴ እምነቷ የጠነከረ ሴት ነበረች፣ ቆርባ፣ ጾማ፣ ጸልያ የኖረች። በመጨረሻ ቀናቶቿ ግን ፈራች። እጄን ይዛ «አትሂጂ» ትለኝ ነበር፣ ሌሊት ሌሊት አይኗ ይፈጥ ነበር። እኔ ያ ፍርሃቷ አቆሰለኝ፣ ከሞቷ እኩል ነው የምላችሁ፣ ምክንያቱም እንደዛ ከጸለየች ሰው ይሄ እንዴት ይመጣል ብዬ ውስጤ እሷ ላይ እንደ መፍረድ ያለ ነገር ነበረኝ፣ ያም ራሱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከሚዞሩት አንዱ ነበር። ፓታንጃሊ ሰውን የሚያሰቃዩት አምስት ናቸው ይላል፣ ክሌሻ ይባላሉ፣ ሥራቸው አለማወቅ ነው፣ ከሱ «እኔነት»፣ መፈለግ፣ መጥላት ይመጣሉ፣ አምስተኛው አቢኒቬሻ ነው፣ ሕይወት ላይ መጣበቅ፣ ሞትን መፍራት። ለእሱ በሰጠው ዓረፍተ ነገር ላይ በራሱ ጉልበት የሚፈስ ነው፣ በአዋቂውም ዘንድ ሳይቀር የጸና ነው ይላል። በአዋቂውም ዘንድ። ይቺን ቃል ያነበብኩ ቀን ወጥ ምድጃ ላይ ጥጄ ነበር፣ አረረ። ከ1600 ዓመት በፊት አንድ ሰው ህንድ ተቀምጦ፣ ይሄ ፍርሃት የእምነት ማነስ ወይም የእውቀት ማነስ ብቻ እንዳልሆነ አይቶ ጽፎታል፣ እኔ እናቴ ላይ የፈረድኩትን እሱ በማንም ላይ አልፈረደም።

ቪያሳ ከዚህ ተነስቶ ገና የተወለደ ትል እንኳን ሞትን መፍራቱ ቀድሞ ሞትን ቀምሶ ስለነበር ነው፣ ስለዚህ ያለፈ ሕይወት አለ ብሎ ይከራከራል። እዚህ ጋ እኔ አልከተለውም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ዳግም መወለድን አላምንም፣ ይሄንን የምጽፈው ሁለቱን ለማቀላቀል አይደለም። ጓደኞቼ «ሃይማኖት ልትቀይሪ ነው እንዴ» ብለው ከልባቸው ተጨንቀው ጠይቀውኛል፣ ጥያቄው ተገቢ ነው ምክንያቱም ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ጥንታዊው ሳንኪያ ፈጣሪ አያስፈልገውም። ዮጋ ኢሽቫራ ብሎ አንድ ልዩ ፑሩሻ ይቀበላል፣ ስቃይም ሥራም ያልነካው፣ የቀደሙት አስተማሪዎች ሁሉ አስተማሪ፣ ግን በሱትራው ውስጥ ዓለምን ፈጠረ አይባልም። ይሄ እኔ የማመልከው አምላክ አይደለም። «ሁሉም አንድ ነው» የሚሉ ሰዎች ሁለቱንም ወገን በደንብ ያልሰሙ ይመስለኛል።

አንድነት የሚለውም ቢሆን። ቪያሳ ገና ሲጀምር ዮጋ ሳማዲ ነው ብሎ ነው የተረጎመው፣ የተሰበሰበ ጽሞና እንበለው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ቦጃ በጻፈው ማብራሪያ መግቢያ ላይ ደግሞ እዚህ ጋ ዮጋ መለያየት ነው ይላል፣ የፑሩሻና የፕራክሪቲ መለያየት። የመንገዱ መጨረሻ ካይቫሊያ ይባላል፣ ብቻ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። እኔ «ብቸኝነት» ብዬ ጽፌ አዘንኩ፣ ብቸኝነት ለእኛ በሽታ ነው፣ ሰው አይድረስበት የምንለው። አባዬ ጋ ወሰድኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ባሕታዊ ማለት ምን ማለት መሰለሽ? ባሕቲቱ፣ ብቻውን ማለት ነው። ብሕትውና በይው» አለኝ። ቀጥሎ ግን ራሱ ጣቱን አነሳ፣ «ባሕታዊው ግን ብቻውን የሚሆነው ከእግዚአብሔር ጋር ለመሆን ነው። የእነሱስ?» አለኝ። የእነሱ ከማንም ጋር አይደለም አልኩት፣ የሚያየው በቃ ብቻውን በራሱ። «እንግዲያው ቃሉን ተዋሺው፣ ልዩነቱን ከስሩ ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ።

ያን ቀን ነው የህንድ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ማምጣቱ ደስ ይለው እንደሆነ የጠየቅኩት። ገዳም ውስጥ ያለ ይመስል ድምጹን ዝቅ አድርጎ ነው የመለሰልኝ፣ ስለ እጨጌ እንባቆም ነገረኝ፣ የመን ተወልዶ ደብረ ሊባኖስን ስላስተዳደረው፣ በ1553 «በርለዓም ወይዋስፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ስለመለሰው። ታሪኩ የህንድ ንጉሥ ልጅ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ሲመንን ነው፣ ዛሬ እንደሚታወቀው ሥሩ የቡድሃ ሕይወት ነው፣ ከቋንቋ ቋንቋ ሲሻገር ክርስቲያን ሆኖ እኛ ጋ የደረሰ። ቡድሃና ፓታንጃሊ አንድ አይደሉም እርግጥ። እኔም ስለ አል ቢሩኒ ነገርኩት፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓታንጃሊን ወደ ዐረብኛ ስለመለሰው ሙስሊም ሊቅ፣ ለአንባቢው እንዲቀል ብሎ በጥያቄና መልስ መልክ እንዳደረገው። አባዬ በጣም ደስ አለው፣ «ታዲያ እኛስ ጥያቄና መልስ አይደል የያዝነው» አለ፣ ከዛም ያ የሒሳብ መምህሩ ጠዋት ጠዋት ደወል ሳይደወል ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር አይኑን ጨፍኖ ይቀመጥ እንደነበር፣ ተማሪዎቹም አጠገቡ ሲደርሱ ሳይነግራቸው ጫማቸውን ቀስ አድርገው ይረግጡ እንደነበር አስታወሰ። ስድሳ ዓመት ሊሆነው ነው ያ ነገር።

ሌሊቱ እንዴት ሆነ ለምትሉኝ፣ አሁንም እነቃለሁ። በየቀኑ ግን አይደለም፣ ስነቃም «ቆይ እማ» ያልኩት ይመጣል፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ፣ እስትንፋሴን እቆጥራለሁ፣ ይመጣና እኔ አየዋለሁ፣ አንዳንድ ጊዜ ከመጣበት ይመለሳል አንዳንድ ጊዜ ይቆያል። ውሃውን አልዘጋሁትም፣ ቦዩ ጋ ቁጭ ብያለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ማታ አባዬ ደወለልኝ፣ በሥራ ቀን ደውሎ አያውቅምና ደነገጥኩ። «ማርጋት አይደለም» አለኝ ሰላም እንኳን ሳይለኝ። «ጠላ ሲቀመጥ ምን ይሆናል?»

«ይረጋል» አልኩት።

«ይጠልላል! አተላው ይወርዳል ላዩ ይጠራል። መርጋት ብቻ ከሆነ ወተትም ይረጋል፣ ወተት ረግቶ አይጠራም። መጥለል በይው።»

ደብተሬን አመጣሁና ከመጨረሻዋ ስርዝ ስር ጻፍኩት፣ «ዮጋ የቀልብ ዙረት መጥለል ነው»። አነበብኩለት። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ታየኝ፣ ጠላ ዝም ብለው ቢተዉት በራሱ ይጠልላል፣ ቀልብ ግን አቢያሳ ይፈልጋል፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ካልጠበቀው በራሱ አይጠልልም፣ ስለዚህ መጥለል ይሁን ማጥለል?

ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለ። «ማጥለል ካልሽ ደግሞ ጨርቅ ሊኖርሽ ነው» አለኝ። «ጨርቁ ምንድነው?»

እሁድ ይዤልህ እመጣለሁ አልኩት።